«ልጄ የእናቴን ነጠላ ጣረ ሞት አድርጋ በር ላይ ሰቀለችው»

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ብዙ ጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሴቷ 9 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 5። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። የቤት ኪራይ ከፍለን የሚተርፈን ትንሽ ነው። አባቴ የካቲት ላይ አረፈ። ሥራውም ገንዘቡም አላላውስ ብሎኝ ለቀብሩ አልደረስኩም። እማዬ ብቻዋን እንዳትቆዝም ብለን ሐምሌ ላይ አመጣናት። እስከ ዛሬ ጥቁሯን አላወለቀችም።

ልጄ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ወሬዋ ሁሉ ያ ልጆች ልብስ ለውጠው በየቤቱ ከረሜላ የሚሰበስቡበት ሃሎዊን ነው። ሰፈሩም እንዳለ ተለውጧል። በየደጁ የመቃብር ድንጋይ፣ አጽም፣ የተንጠለጠለ ነገር ነው። ፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤት ያንን 12 ጫማ የሚረዝመውን አጽም አቁሟል። «ማሚ፣ ባዶ የሆነው የኛ ቤት ብቻ ነው» ትለኛለች። ዘንድሮ ገንዘብ የለም አልኳት። ስትነዘንዘኝ፣ «እንግዲያው ቤት ውስጥ ካለው ነገር ራስሽ ሥሪ» አልኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ገብቼ ተኛሁ። የነቃሁት በእማዬ ጩኸት ነው። ልጄ ከአያቷ ሻንጣ ነጠላ አውጥታለች። ጋዜጣ ጠቅልላ ጭንቅላት አበጅታለታለች፣ አንገቱን በክር አስራለች፣ በጥቁር ማርከር ሁለት ዓይን ሥላበታለች። ከዚያ የውጭ በር ላይ ሰቀለችው። እማዬ ለእግር መንገድ ልትወጣ በሩን ስትከፍት ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። «የተገነዘ ሬሳ በራችን ላይ!» ብላ እዚያው ቁጭ አለች። ነጠላውን የገዛላት አባቴ ነበር።

እኔ ከእንቅልፌ ባንኜ ልጄ ላይ ጮህኩባት። ነጠላውን በጥሼ አወረድኩት። አሁን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቄዋለሁ፣ ማየት አልቻልኩም። ልጄ «ሃሎዊን አልፈልግም» ብላ ዝም ብላለች። እማዬ «በሞት በሚጫወቱበት አገር ምን እሠራለሁ፣ መልሱኝ» ትላለች። ባለቤቴ «የፈረንጅ ጣጣ ቤቴ አይግባ ብዬ ነበር» ይላል።

ማስጌጡን ጭራሽ ልተወው? ወይስ በ20 ዶላር፣ እማዬን ሳላስከፋ የሚሆን ነገር ይኖራል? ኃጢአትስ ነው?

የሁለት ልጆች እናት

ምላሽ

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሰፈሩ ማስጌጫ ብዙ ጽፈሻል። «ለቀብሩ አልደረስኩም» ያልሽው ግን አንዲት መስመር ነው፤ ከዚያ ቶሎ ወደ ሌላ ነገር አለፍሽ። ወደዚያ መስመር በኋላ እመለሳለሁ። ይህ ጉዳይ የነጠላ ብቻ እንዳልሆነ አንቺም የምታውቂው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ልበልሽ። እኔ እዚህ ውስጥ ጥፋተኛ አላየሁም። ልጅሽ «ካለው ነገር ራስሽ ሥሪ» ተባለች፣ ሠራች። አሜሪካ ውስጥ ጣረ ሞት የሚሠራው ነጭ ጨርቅ ክብ ነገር ላይ ጣል ተደርጎ፣ አንገቱ ታስሮ፣ ዓይን ተሥሎበት ነው። ልጅሽ ያደረገችውም ይህንኑ ነው። ነጭ ፈለገች፣ ለስላሳ ፈለገች፣ ቤት ውስጥ ካለው ነጭ ሁሉ ለስላሳውን አገኘች። ተገንዞ የተኛ ሰው አይታ አታውቅም። እናትሽ ግን አይተዋል። ያዩትም ከ8 ወር በፊት ነው፣ ያዩትም የትዳር ጓደኛቸውን ነው። ለአንዷ ነጠላው የአያቷ ሽታ ያለበት ጨርቅ ነው። ለሌላዋ የባላቸው ስጦታ ነበር፣ ድንገት በር ላይ ከፈን ሆኖ ጠበቃቸው። አንቺ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆመሽ አድረሽ፣ በጩኸት ነቅተሽ፣ በሁለቱ መካከል ቆምሽ። በዚያ ሰዓት የማይጮኽ ማን አለ?

እኔ ብሆን በልጅሽ እጀምር ነበር። አያቷ ስላልተጎዱ አይደለም። አያቷ ያለቅሳሉ፣ ይናገራሉ፣ «መልሱኝ» ይላሉ፤ ሐዘናቸው መውጫ አለው። ልጅሽ ግን ዝም ብላለች። የ9 ዓመት ልጅ ከአንድ ወር በላይ ስትመኘው የኖረችውን ነገር በአንድ ጠዋት «አልፈልግም» ካለች፣ መፈለጓን ትታ አይደለም። አያቴን የገደልኳት ያህል አጠፋሁ ብላ ደምድማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥራ በማትገቢበት ቀን ብቻዋን ይዘሻት ተቀመጪ፣ እውነቱን ንገሪያት። «የጮህኩብሽ ደንግጬ ነው፣ ይቅርታ። አንቺ የሠራሽው ጎበዝ ሥራ ነበር። ግን አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እኛ አገር ሰው ሲሞት በነጭ ጨርቅ ይጠቀለላል። አያትሽም እንደዚያ ሆኖ ነው የተቀበረው። እማማ በሩን ስትከፍት ያየችው እሱን ነው።» ይህን ለመስማት 9 ዓመት በቂ ነው። ምናልባት ታለቅስ ይሆናል። ታልቅስ። ወንድ አያቷን የምታውቀው በስልክ መስኮት ከሆነ እሷም ያጣችው ሰው አለ፤ እስካሁን ማንም «አንቺስ እንዴት ሆንሽ?» ብሎ አልጠየቃት ይሆናል።

ከዚያ እናትሽ። ቡና አፍይላቸውና ልጆቹ ትምህርት ቤት በሄዱበት ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጪ። ስለ ሃሎዊን ለማስረዳት አትቸኩይ። በመጀመሪያ ጠይቂያቸው። «እማዬ፣ ያን ቀን ነጠላውን ስታዪ ምን ታየሽ?» በያቸውና ዝም በዪ። የአባትሽን የመጨረሻ ቀናት ይነግሩሽ ይሆናል። ማን እንደገነዘው፣ ማን ውሃ እንዳቀበለው፣ የቱ ጎረቤት እንደደረሰ። አንቺ ያልነበርሽበትን ያን ሁሉ ከማን ሰማሽው? በስልክ «አይዞሽ፣ ሁሉም ደህና አለፈ» ተብለሽ ብቻ ቀርተሽ ከሆነ፣ ይህ ቡና ላንቺም ነው። ያቺ ቶሎ ያለፍሻት መስመር እዚህ ላይ ልትቆሚላት ትችያለሽ። ያልቀበረ ሰው ሐዘኑ መሬት አይዝለትም። እኔም ሩቅ አገር ሆኜ መርዶ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ከመሰለኝ ተነስቼ አይደለም የምነግርሽ። እናትና ልጅ አብራችሁ አልቅሳችሁ ካላወቃችሁ፣ ነጠላው ምክንያት ይሁናችሁ።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ እኔ የምፈርድበት ወንበር የለኝም። የንስሐ አባት ካለሽ ጠይቂያቸው። ስትጠይቂ ግን «ሃሎዊን ይፈቀዳል?» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። ቤትሽ ውስጥ ምን ሊደረግ እንደታሰበ፣ ምንም የሞት ምስል እንደማይኖር፣ ልጅሽ ምን እንደምትፈልግ ዘርዝረሽ ንገሪያቸው። መልሱም እንደዚያው የተብራራ ይሆናል። አይሆንም ካሉሽም ከዚህ በታች ከምነግርሽ አብዛኛውን የመኸር ማስጌጫ ብለሽ ልትሠሪው ትችያለሽ፤ ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ የሚያደርገው እንደዚያ ነው።

ለእናትሽ ነገሩን ማስረዳት ሲኖርብሽ ግን በሚያውቁት በኩል ግቢ። የሃሎዊን ስም የመጣው ከምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ነው። ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ ቀን ነው፣ ሃሎዊን ደግሞ ዋዜማው ነው። ከሥሩ ግን የጥንት አየርላንዶችና ስኮትላንዶች የብርዱ ወራት ሲገባ የሚያከብሩት የቆየ በዓል አለበት፣ የሞት ነገሩም በዚያ በኩል የመጣ ነው ይባላል። አየርላንዶች ፊት የሚቀርጹት ዱባ ላይ አልነበረም፣ እንደ ቀይ ሥር ያለ ክብ ሥራ ሥር ላይ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዛት ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ዱባ አገኙ፤ ትልቅ ነው፣ ለመፈልፈልም ይቀላል። እነሱም እንደኛ ስደተኞች ነበሩ። ያገራቸውን ልማድ ባገኙት ነገር ሠሩት።

ልጆቹ በየቤቱ መዞራቸውን ደግሞ እናትሽ ካንቺ በላይ ያውቁታል። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲሆን ሆያ ሆዬ እያሉ የሚመጡትን ልጆች ስንት ዓመት ሙልሙል ሰጥተዋል? በእንቁጣጣሽ አበባና ፀሐይ የተሣለበት ወረቀት ይዘው በየደጁ የሚመጡትንስ? እኔ ልጅ ሆኜ ጳጉሜን ሙሉ መልአክ ስሥል ነበር የምከርመው። ከለር ሲያልቅብን በቅጠልና በአበባ እናቀልም ነበር። ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል ነው፣ ከሃሎዊን ጋር አንድ ነው አልልሽም። ልጅ ግን ልጅ ነው። በር አንኳኩቶ፣ ተቀብሎ፣ ሮጦ ወደሚቀጥለው ቤት መሄድ የሚሰጠው ደስታ በቡሄም በሃሎዊንም ያው ነው። እናትሽ ያንን በር ከፋች የነበሩ ሴት ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ኦክቶበር 31 በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነው፤ ያውም በጽጌ ወር ውስጥ። እናትሽ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ ወይም ቤት ውስጥ ጧፍ አብርተው መጸለይ ይፈልጉ ይሆናል። አስቀድመሽ ጠይቂያቸውና የቀኑን መርሐ ግብር በሳቸው ጸሎት ዙሪያ አድርጊው። የልጆቹ ዙረት የሚጀምረው ሲመሽ ስለሆነ ሁለቱ አይጋጩም።

አሁን ወደ ማስጌጫው። የጎረቤትሽ ባለ 12 ጫማ አጽም፣ ሆም ዲፖ የተባለው መደብር በ2020 ሲያወጣው ዋጋው 299 ዶላር ነበር። ባንቺ 20 ዶላር ከዚያ ጋር መፎካከር አትችይም፣ አያስፈልግሽምም። ልጅሽ «ባዶ ነው» አለች እንጂ «ትንሽ ነው» አላለችም። ለቤታችሁ አንድ ደንብ አውጡ፣ ደንቡንም ልጅሽ ራሷ ትጻፈው፦ በኛ በር ላይ የሞተ ነገር አይሰቀልም። አጽም የለም፣ መቃብር የለም፣ በነጭ የተጠቀለለ የለም። ጉጉትም ይቅር። ለፈረንጁ ጉጉት ቆንጆ ወፍ ናት፤ ለእናትሽ ግን ምን ማለት እንደሆነች አንቺም ታውቂያለሽ።

«ታዲያ ምን የሚያስፈራ ነገር ቀረ?» ብትልሽ መልስ አለኝ። ጅብ!

እስቲ አስቢው። በመንደሩ ሁሉ አጽም ነው። የናንተ ደጅ ላይ ብቻ ዓይኑ የሚያበራ ጅብ ቆሟል። እንዲህ ያለ ማስጌጫ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። ይህን ደግሞ ልጅሽ ያለ አያቷ ልትሠራው አትችልም፣ ምክንያቱም ጅብ አይታ አታውቅም። አያ ጅቦን የሚያውቁት እናትሽ ናቸው። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» የሚል ልጅ ይፈልጋሉ፤ ያለ ተረቱ ጅቡ ካርቶን ብቻ ነው። እሳቸው እያወሩ ልጆቹ ይሥሩ። ጆሮው ክብ መሆኑን፣ ፊቱ ከፍ ብሎ ኋላው ዝቅ ማለቱን፣ ሲሄድ የሚያነክስ መምሰሉን እሳቸው ይንገሯቸው። ሐረር ላይ ሰዎች በማታ ጅብ ስጋ እንደሚያበሉ ንገሪያቸው፤ ልጅሽ ክፍል ውስጥ የምታወራው ወሬ ታገኛለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ካርቶን ያስፈልግሻል። ከሌለሽ ግሮሰሪ ጠዋት ላይ ብትጠይቂ ባዶ ካርቶን በነፃ ይሰጡሻል። ካርቶኑን ዘርግተሽ ጅቡን በጎኑ እንደቆመ አድርገው በእርሳስ ይሣሉት። የምትቆርጪው አንቺ ወይም አባታቸው ሁኑ፣ ካርቶን ለልጅ መቀስ አይበገርም። የካርቶኑ ቀለም ራሱ የጅብ ቀለም ስለሆነ መቀባት የለብሽም። ነጠብጣቡን ልጆቹ በማርከር ይሥሩት፣ ወይም ድንች ለሁለት ቆርጠሽ ቀለም እየነከሩ ያትሙት። ለ5 ዓመቱ የሚሆን ሥራ ይህ ነው። ለጋማው የግሮሰሪ ወረቀት ከረጢት በእጅ ተቀዶ፣ ተጨማድዶ በኮላ ይለጠፍ። ኮላ ከሌለ ዱቄት በውሃ በጥብጠሽ አፍዪው፣ ልጅ ሆነን የምንጠቀምበት ማጣበቂያ ነው። ዓይኑን የጠርሙስ ክዳን ያህል ብሱት፣ ከኋላው ቢጫ የከረሜላ ወረቀት ለጥፉ፣ ከዚያ በስተጀርባ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሻማ በፕላስተር ያዙ። ሲመሽ ዓይኑ ይበራል። እውነተኛ ሻማ ግን በጭራሽ አይሁን፣ ካርቶንና ወረቀት ነው። የባትሪ ሻማም ቢሆን ውስጡ ያለችው ክብ ትንሽ ባትሪ በልጅ ከተዋጠች በጣም አደገኛ ናት። ስትገዢ ክዳኑ በብሎን የተዘጋውን ምረጪ፤ የ5 ዓመቱ እጅ እንዳይገባ።

የወተት ጋሎን አትጣይ። ከዛሬ ጀምረሽ ብታጠራቅሚ እስከ ቀኑ አራት አምስት ይደርሱልሻል። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው፣ አድርቂው። ፊት ለፊቱ ላይ ልጆቹ የፈለጉትን እንስሳ ፊት በማርከር ይሣሉ። ድመት፣ ጦጣ፣ አንበሳ ይሁን። ነጭ ስለሆነ ጣረ ሞት ለማስመሰል ይመቻል፣ ግን ደንባችሁን አስታውሱ። ከጀርባው ሎሚ የሚያስገባ ያህል ቀዳዳ ቁረጪና የገና መብራት ካለሽ ጫፉን አስገቢበት። ንፋስ እንዳይወስደው ታቹ ላይ አንድ እፍኝ ጠጠር ጨምሪ። ደረጃው ላይ ስትደረድሪያቸው ደጁ ይሞቃል። አንድ ሳንቲም አላወጣሽም።

የሸረሪት ድር ሱቅ ውስጥ እንደ ጥጥ ተደርጎ ይሸጣል። እሱን አትግዢ። ውጭ ዛፍ ላይ ሲዘረጋ ወፍ እግሯን ይዟት ይቀራል። ከተራረፈ ክር በመስኮቱ ውስጠኛ በኩል ሥሩት። መሐል ላይ የሚገናኙ ስድስት ክሮችን በፕላስተር አጣብቂ፣ ከዚያ ከመሐል ጀምሮ እየዞሩ ማሰር ነው። እናትሽ ፈትል የሚያውቁ ከሆነ ይህ የሳቸው ሥራ ነው። የሸማኔውም ድር ነው፣ የሸረሪቷም ድር ነው። ልጅሽ ይህንን ቃል ከአያቷ እጅ ብትማረው ደስ ይለኛል። እኔ ራሴ አማርኛን የምወደው እንዲህ ባሉ ነገሮች ነው።

ዱባ አንድ ይበቃሻል። ግሮሰሪው በር ላይ የተከመረው ትልልቁ ለመቅረጽ እንጂ ለመብላት አይጥምም፣ ውሃ ይበዛዋል። ለኬክ የሚሸጠውን ትንሹንና ጠንካራውን ግዢ፣ 5 ዶላር አካባቢ ነው። አትቅረጹት። የተቀረጸ ዱባ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል፣ ያልተቀረጸ ግን ለሳምንታት ይቆያል። ዓይኑንና አፉን ከጥቁር ወረቀት ቆርጣችሁ በፕላስተር ለጥፉ። ቀለም አትቀቡት፤ በማግሥቱ ወረቀቱን ልጣችሁ፣ አጥባችሁ ዱባ ወጥ ትሠሩታላችሁ። በጽጌ የሚጾም ሰው ቤት ውስጥ ካለ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ፍሬውንም አትጣዪው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጨው ነካ ተደርጎ ሲቆላ ለቡና ቁርስ ይሆናል።

ሒሳቡን ስናይ ዱባው 5 ዶላር፣ የባትሪ ሻማው ከዶላር ስቶር 3 ወይም 4 ዶላር፣ አንድ ማርከር፣ ቀሪው ለሚመጡት ልጆች ከረሜላ። ከ20 አያልፍም።

የጎረቤትን አጽም በተመለከተ፣ እንዲያወርደው መጠየቅ የሚቻል አይመስለኝም፤ ሰውዬው ማንንም ሊጎዳ አላሰበም። ግን እናትሽ በመስኮት አሻግረው እያዩት ነው የሚውሉት። ቀን ላይ፣ ፀሐይ እያለ፣ ክንዳቸውን ይዘሽ በአጠገቡ አብረሽ እለፊ። ቀረብ ሲሉ ፕላስቲክ መሆኑን፣ መሬት ላይ በገመድ መታሰሩን ያዩታል። ፈቃዳቸው ካልሆነ ተዪው፣ የእግር መንገዳቸውን በጓሮ በኩል ቀይሪው። ክፍላቸው በዚያ በኩል ከሆነ ለዚህ ወር መጋረጃውን ዝጊላቸው፣ ወይም ከልጆቹ ክፍል ጋር ቀያይሩ። ትንሽ ነገር ነው፣ ግን «ሐዘንሽን አይቼዋለሁ» ማለት ነው።

የዚያን ቀን ማታ ምን ማድረግ እንደሚፈልጉም እሳቸው ይምረጡ። በር ላይ ቁጭ ብለው ከረሜላ ማደል ይፈልጋሉ? ክፍላቸው ውስጥ መጸለይ? ወይስ የሚያውቁት ሰው ቤት ሄደው ማምሸት? ሦስቱም ይቻላል። በር ላይ መሆን ከመረጡ፣ አንዳንዱ ልጅ የሚያስፈራ ልብስ ለብሶ እንደሚመጣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ድንገት አይሁንባቸው። ቀኑ ከከበዳቸው ደግሞ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የበሩን መብራት አጥፊው። እዚህ አገር የበሩ መብራት ከጠፋ «ዛሬ አናስተናግድም» ማለት ነው፣ ልጆች አያንኳኩም። ማንም አይቀየምሽም። ጅቡ ቆሞ ይታያል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል።

ባለቤትሽን ክርክር ውስጥ አትጎትቺው። ካርቶኑን እንዲቆርጥ ብቻ ጠይቂው። የሰለቸው ወጪው ነው ወይስ ልጆቹ ከእጁ እየወጡ መሰለው? ይህን ካልጠየቅሽው አይነግርሽም።

አንድ ነገር ቀረ፣ ነጠላው። ነጠላው የእናትሽ ስለሆነ ምን እንደሚደረግ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ አንቺ ግን ከተደበቀበት አውጪው። ፋርማሲ የሚሸጠው የቁስል ማጽጃ አልኮል የማርከር ቀለም ከጥጥ ላይ ያለቅቃል። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ሞክሪው፣ ጥለቱን አይንካ። ከቀለሙ ሥር የማትፈልጊውን ነጭ ጨርቅ አንጥፊ፣ በጥጥ ነካ ነካ አድርጊው እንጂ አትፈትጊው፣ ቀለሙ ወደ ታችኛው ጨርቅ ይወርዳል። ከዚያ በእጅሽ እጠቢው። ልጅሽ አጠገብሽ ቆማ ትርዳሽ፣ ሲደርቅ አጥፋ በሁለት እጇ ለአያቷ ትስጣቸው። ይቅርታ በዪ ብለሽ አታስገድጃት። ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ፣ እናትሽን ጠይቂያቸው፤ ሁለቱ ነጥቦች ላይ ጥልፍ ጣል ማድረግ ይፈልጉ ይሆናል፣ ወይም እንዳለ ማስቀመጥ ይፈልጉ ይሆናል።

ግን አታቆዪው። ማርከር በቆየ ቁጥር አልለቅም ይላል። ዛሬ ማታ ወደ ሥራ ከመሄድሽ በፊት ከፌስታሉ አውጪው።